በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና የአውሬዎቹ ቴአትር

በፎገራ ሜዳ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ሁሉ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የጅብንና የአህያን፥ የአንበሳንና የጦጣን ተረት ይሰማል። እኔም በወረታ አካባቢ ከአያቴ ዘንድ ስሰማው ተረት ልጆችን ማስተኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተረት ቤተ መንግሥትን ሊያስቈጣ እንደሚችል ያወቅሁት የእኒህን ሰው ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ ነው። ስለዚህ ሕይወታቸውን በአጭሩ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ. ም. በሸዋ ተወለዱ፤ በልጅነታቸውም ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ. ም. ራስን ተከትለው ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ዕድሜአቸው 12 ዓመት ያህል ነበር፤ ይህም ከብዙዎቻችን ያነሰ ነው። ከድሉም በኋላ ሊዎንቲየፍ ከተባለው መስኮብ ጋራ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። በአውሮፓ ብዙ ዓመት ሲቈዩም ቴአትር ምን እንደ ሆነ ተመለከቱ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ ቴአትር እየተባለ የሚታየው ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ በ1913 ዓ. ም. ገደማ፥ ከፈረንሳዊው ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው፥ ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ የተባለውን ቴአትር ደረሱ። ይህም በአማርኛ ከተጻፉት ቴአትሮች የመጀመሪያው ነው። የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚገለጠው ግን የሹማምንቱ ጉቦና የአስተዳደሩ ኋላ ቀርነት ነበር። መኳንንቱ በተሰበሰቡበት በአንድ ሆቴል ከታየ በኋላ ነገሩ ከንግሥት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ቴአትሩ ተከለከለ፤ መጽሐፉም ተሰበሰበ።

እኔን የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር ነው። በመድረኩ ላይ የቈሙት አውሬዎች ብቻ ነበሩ፤ እንግዲህ የተቈጣው ሰው ሁሉ መልኩን በአውሬው ላይ ያየ መሆኑን ራሱ መሰከረ ማለት ነው።

ከ20 ዓመት በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሌሎች አገሮችም በሚንቀሳቀስ የሥዕል ፊልም ይህንኑ ዘዴ ተጠቀሙ። በ1934 ዓ. ም. አሜሪካኖች ሂትለርን ተኵላ አድርገው ከ3 አሳማዎች ጋራ ሲያዋጉት አሳዩ፤ በ1937 ዓ. ም. ደግሞ ጃፓኖች ዝንጀሮንና ውሻን ወታደር አደረጉ። ነገር ግን እነዚያ በመንግሥታቸው ፈቃድ በጠላት ላይ የሣቁ ናቸው። በጅሮንድ ግን የገዛ አገራቸው እንዲታረም ብለው በገዛ አገራቸው ሹማምንት ላይ ሣቁ፤ ይህ ይከብዳል።

ክልከላው ከአገር ሥራ አላራቃቸውም። የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ቈረቈሩ፤ የ1923ን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆኑ። በ1928 ዓ. ም. ኢጣሊያ ስትነሣብን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። ከወረራውም በኋላ ብዙ ዘመን በስደት ኖረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1969 ዓ. ም. ዐረፉ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በትምህርት ቤታችን መድረክ ጭውውት ስናዘጋጅ እኒህን አባት እናስታውስ። የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራንም፥ ከጅባችንና ከጦጣችን መካከል የሚመስላችሁ ቢገኝ፥ መጋረጃውን ከመዝጋታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው እንድታዩልን በትሕትና እንለምናለን።