በልጆች መጫወቻ የዓይን ሌንስ የሠሩት ኬሚስት

ጊዜው የገና በዓል ሰሞን ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1961። በፕራግ ከተማ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት የማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከብረት ቁርጥራጭ የተገጣጠመ እንግዳ ነገር ይሽከረከራል። ብረቶቹ የልጆች መጫወቻ ናቸው፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው፣ በብሎንና በዳዶ እየታሰሩ አንድ ቀን መኪና፣ ሌላ ቀን ድልድይ የሚኾኑ። የሚያሽከረክራቸው ከልጅ ብስክሌት ላይ የተፈታ የመብራት ዳይናሞ ነው። ኃይሉን የሚሰጠው ደግሞ ለበር ደወል የሚያገለግል ትንሽ ትራንስፎርመር ነው።

ከጠረጴዛው አጠገብ ያሉት ሰው የአርባ ስምንት ዓመት ጎልማሳ፣ በሀገራቸው የታወቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ናቸው። ባለቤታቸው ከጎናቸው ኾነው ያግዟቸዋል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከዚያ መጫወቻ ላይ አራት ስስ፣ ጥርት ያሉ፣ እንደ ውኃ ጠብታ የሚያበሩ ሌንሶች ተገኙ። ሊቁ ሌላ ሰው አልፈለጉም። ሌንሶቹን በገዛ ዓይናቸው ላይ አኖሩና ሞከሩ። ልኩ ከዓይናቸው ጋር አልተስማማም፤ ያዩት ነገር ጥርት ብሎ አልታያቸውም። ነገር ግን አልቆረቆራቸውም፤ ያ የበዓል ቀን የተፈለገውም ይኸው ነበር።

ሰውየው ኦቶ ቪክተርሌ ይባላሉ። ዛሬ በዓለም ላይ መነጽር ትተው ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ኹሉ፣ ስማቸውን ቢያውቁም ባያውቁም፣ የእርሳቸው ባለዕዳ ናቸው።

ቪክተርሌ የተወለዱት በጥቅምት ወር 1913 ነው፤ ይህ ዘመን እና ከዚህ በኋላ የሚነሡት ዘመኖች ኹሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የትውልድ ከተማቸው ፕሮስትየዮቭ ትባላለች፤ ሞራቪያ በተባለው ለም ምድር ላይ የምትገኝ፣ በያኔው አጠራር በኦስትሮ ሀንጋሪ ግዛት ሥር የነበረች ከተማ ናት። አባታቸው የእርሻ መሣሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ባለድርሻ ነበሩ፤ ድርጅቱ ኋላ ላይ መኪናም ሠርቷል። ቤተሰቡ ለገበሬ በሚሸጥ ብረት የሚተዳደር ቤተሰብ ነበር ማለት ነው። ልጁ ግን ወደ አባቱ ፋብሪካ አልሄደም። ልቡ ወደ ኬሚስትሪ አዘነበለ፤ በፕራግ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1936 ተመረቀ፤ እዚያው በምርምር ቀጠለ።

ብዙም ሳይቆይ ክፉ ዘመን መጣ። የናዚ ጀርመን ጦር ሀገሪቱን ያዘ። በኅዳር 1939 የቼክ ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ ተዘጉ፤ ተማሪዎች ተረሸኑ፣ ሌሎችም ወደ ማጎሪያ ተጋዙ። ወጣቱ ኬሚስት ሥራ ያገኘው ዝሊን በምትባል ከተማ፣ ስሙ በዓለም ዙሪያ በታወቀው የባታ ጫማ ፋብሪካ የምርምር ክፍል ውስጥ ነበር። የጫማ ፋብሪካ ለሊቅ የሚኾን ቦታ አይመስልም፤ ይኹን እንጂ በዚያ ዘመን ለቼክ ምሁራን መጠጊያ የኾነው እርሱ ነበር። ቪክተርሌ በ1941 ከናይሎን ጋር የሚመሳሰል ሰው ሠራሽ ክር እዚያ ፈጠሩ፤ ሲሎን የሚል ስምም ተሰጠው። ከጦርነቱ በኋላ የቼኮዝሎቫኪያ ሴቶች ካልሲ ከዚህ ክር ተሠራ። ፈጣሪው ግን ከዚያ በፊት እስር ቤት አይተዋል፤ በ1942 የናዚ የምስጢር ፖሊስ ይዞ አሰራቸው፤ ለወራት ከታሰሩ በኋላ ተፈቱ።

ሰላም ሲወርድ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ። አስተማሩ፤ የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ ጻፉ፤ በ1952 ደግሞ በፕራግ አዲስ የተቋቋመው የኬሚካል ቴክኖሎጂ ከፍተኛ ተቋም ዲን ኾኑ። የዓይን ነገር ወደ ሕይወታቸው የገባው በዚያው ዓመት፣ በባቡር ጉዞ ላይ ነው። ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት ተሳፋሪ የዓይን ሕክምና መጽሔት ያነባሉ። ጽሑፉ የተጎዳን ዓይን ከብረት በተሠራ አካል ስለመተካት የሚያትት ነበር። ተሳፋሪው የጤና ሚኒስቴር ባለሙያ ነበሩ። ቪክተርሌ ከሰውየው ጋር ወግ ጀመሩ። ብረት ለሕያው አካል ባዕድ እንደኾነ፣ ከብረት ይልቅ ውኃ የሚይዝና ከሰውነት ጋር የማይጣላ ፕላስቲክ ቢሠራ እንደሚሻል አስረዱ። እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ግን በዓለም ላይ አልነበረም። ቪክተርሌ ከባቡሩ ሲወርዱ ገና ያልተሠራን ነገር እንደሚሠሩ ተናግረው የወረዱ ሰው ነበሩ።

የሥራ ባልደረባቸው ድራሆስላቭ ሊም ነገሩን ቁም ነገር አደረጉት። ብዙ ጊዜ የቪክተርሌ ስም ብቻ ይነሣል፤ ፍርድ ይደላደል ከተባለ ግን የሊም ስምም አብሮ ሊጠራ ይገባዋል። ኹለቱ ያገኙት ነገር ሲደርቅ እንደ መስታወት ጠጣር፣ ውኃ ውስጥ ሲነከር ደግሞ ከክብደቱ አርባ በመቶ ያህል ውኃ ጠጥቶ የሚለሰልስ፣ የሚተጣጠፍ፣ ብርሃንም የሚያሳልፍ ነበር። በ1953 የፈጠራ መብቱ እንዲመዘገብ አመለከቱ። በ1960 ደግሞ ስለዚህ ግኝት የጻፉት አጭር ጽሑፍ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ።

ለምን ልስላሴ እንዲህ ተፈለገ? ነገሩን ለመረዳት ከቪክተርሌ በፊት የነበሩትን መመልከት ያሻል። ዓይን ላይ የሚደረግ ሌንስ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። አዶልፍ ፊክ የተባሉት ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በስዊዘርላንድ ዙሪክ ኾነው የመስታወት ሌንስ ሠርተው በ1888 ለዓለም አስታውቀው ነበር። መጀመሪያ በጥንቸሎች፣ ቀጥሎ በራሳቸው፣ ከዚያ በጥቂት ሰዎች ዓይን ላይ ሞከሩት። የዓይንን ነጭ ክፍል ጭምር የሚሸፍን ከባድ መስታወት ስለነበር ከኹለት ሰዓት ያህል በላይ የሚችለው አልነበረም። ኋላ ላይ መስታወቱ በጠጣር ፕላስቲክ ተተካ። ቀለለ፣ አነሰ፤ ጠጣርነቱ ግን አልቀረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሰው ዓይኑ ያለቅሳል፣ ይቀላል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል። አውድማ ላይ እህል ሲያነሣ ገለባ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ገበሬ ስሜቱን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። በትዕግሥት ለሳምንታት የተለማመደ ይለምደዋል፤ ብዙው ግን ትቶ ወደ መነጽሩ ይመለሳል።

ከመቆርቆሩ ሌላ የአየር ጉዳይም አለ። ጥርት ያለው የዓይን የፊት ሽፋን፣ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከለጋሾች የሚሰበስበው ብሌን፣ የደም ሥር የለውም። ቢኖረው ኖሮ ብርሃን አጥርቶ አያሳልፍም ነበር። ደም ስለማይደርሰው ኦክስጅንን በእንባ በኩል በቀጥታ ከአየር ይወስዳል። ጠጣሩ ፕላስቲክ በላዩ ሲቀመጥ ብሌኑን ያፍነዋል። ውኃ የጠጣው የቪክተርሌ ፕላስቲክ ግን በውኃው በኩል ኦክስጅን ያሳልፋል፤ ለስላሳ ስለኾነም የብሌኑን ቅርጽ ይዞ ይቀመጣል፤ የዓይን ቆብ ሲከደንና ሲገለጥም አይጎረብጥም።

ይኸው ውኃ የመጠጣት ጠባዩ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለስላሳ ሌንስ የነካውን ኹሉ ይመጣል። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌንስ የሚያደርግ ሰው ከዓይን ሐኪም ዘንድ የሚሰማው ምክር ከዚህ የመነጨ ነው፤ ሌንሱን ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብና ማድረቅ፣ ሌንሱን ለእርሱ በተዘጋጀ ፈሳሽ ብቻ ማጠብ፣ በቧንቧም ኾነ በጉድጓድ ውኃ ፈጽሞ አለመንካት፣ ሐኪም ካልፈቀደ በቀር አድርጎ አለመተኛት። በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ሌንሱ ሥር ገብተው ብሌኑን አቁስለው ሊያጠፉት ይችላሉ። በአቧራ ውስጥ ለሚውልና ንጹሕ ነገር በቅርብ ለማያገኝ ሰው መነጽር ዛሬም የተሻለ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ቁሱ ተገኘ፤ ቅርጽ ማስያዙ ግን አስቸገረ። ፈሳሹን ዝግ በኾነ የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እያፈሰሱ እንዲረጋ ያደርጉ ነበር። በ1957 መቶ ያህል ሌንሶች ቢሠሩም ከቅርጽ ማውጫው ሲላቀቁ ጠርዛቸው ተሰነጠቀ፣ ተቀደደ። አንድ በአንድ በእጅ ማስተካከልም ግድ ኾነ። በዚህ ላይ ፖለቲካ ታከለበት። በ1958 የኮሙኒስቱ መንግሥት ባካሄደው ማጥራት ቪክተርሌ ካቆሙት ተቋም ተባረሩ። የሳይንስ አካዳሚው ግን ችሎታቸውን ያውቅ ነበርና አዲስ የምርምር ተቋም እንዲያቋቁሙና እንዲመሩ አደረጋቸው። ሕንጻው ገና አላለቀም። ለሌንሱ ሥራ ይሰጥ የነበረው ድጋፍም ተስፋ የለውም ተብሎ ተቋረጠ። ቤተ ሙከራም በጀትም ያጡት ሊቅ ሥራውን ይዘው ቤታቸው ገቡ። የልጆቻቸው መጫወቻ ጠረጴዛ ላይ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚያ የገና ሰሞን መላ ለመረዳት ቀላል ነው። በባልዲ ያለ ውኃ በፍጥነት ሲማሰል መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ዳርቻው ወደ ላይ ይወጣል። ቪክተርሌም ዝግ የኾነውን ቅርጽ ማውጫ ትተው ክፍት የኾነ ትንሽ ጎድጓዳ አበጁ፤ ጥቂት ፈሳሽ ጠብ አደረጉበት፤ እየተሽከረከረ ሳለም እንዲጠነክር አደረጉት። የታችኛው ገጽ የጎድጓዳውን ቅርጽ ይይዛል፤ የላይኛውን ገጽ ሽክርክሪቱ ራሱ ይቀርጸዋል። ፍጥነቱ ሲለወጥ የሌንሱ ልክም ይለወጣል። ጠርዙም ሳይቀደድ ስስና ልሙጥ ኾኖ ይወጣል። መሞረድ የለ፣ ማስተካከል የለ። ቅርጽ ማውጫዎቹንም፣ ፈሳሹ የሚንጠባጠብባቸውን የመስታወት ቱቦዎችም አንድ በአንድ በእጃቸው ሠርተዋቸዋል።

በጥቂት ቀናት ውስጥ የፈጠራ መብት ማመልከቻቸውን ጽፈው ጨረሱ፤ መቶ የሚያህሉ ሌንሶችም ሠሩ። መሣሪያው ሲያድግ የብስክሌቱ ዳይናሞ ጉልበት አነሰው። ሊቁም የሸክላ ማጫወቻቸውን ፈትተው ሞተሩን ወሰዱ። በ1962 የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ባልና ሚስት በዚያ የመጫወቻ ማሽን 5 ሺህ 500 ሌንሶች አመረቱ።

ከዚህ በኋላ ያለው የገንዘብ ታሪክ ነው፤ ደስ የሚያሰኝም አይደለም። የቼኮዝሎቫኪያ የሳይንስ አካዳሚ የሌንሱን የፈጠራ መብት፣ ፈጣሪው ሳያውቁ፣ ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ በ330 ሺህ ዶላር ሸጠው። ከዚያ የአመራረት ፈቃዱ ባውሽ ኤንድ ሎምብ ለተባለው የታወቀ የመነጽር ድርጅት ተላለፈ። በ1971 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለስላሳው ሌንስ ለሕዝብ እንዲሸጥ ፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ሌንሱ ዓለምን አዳረሰ፤ ብዙ ኩባንያዎችን ባለጸጋ አደረገ። ያ የሽያጭ ገንዘብ ሌንሱ ኋላ ካስገኘው ሀብት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ሌንሱ በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ ፈጣሪው በሀገራቸው ዳግም ከሹመት ተነሥተው ነበር። በ1968 ቼኮዝሎቫኪያ የለውጥ አየር በነፈሰባት ጸደይና በጋ፣ ቪክተርሌ ኹለት ሺህ ቃላት የተባለውን የለውጥ ጥሪ ከፈረሙት የታወቁ ሰዎች አንዱ ነበሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የሶቪየት ታንኮች ፕራግ ገቡ፤ ለውጡም ተቀጨ። የፈረሙ ሰዎች ፊርማቸውን እንዲሽሩ፣ እንዲጸጸቱ ይጠየቁ ነበር። ቪክተርሌ በ1970 ከዳይሬክተርነታቸው ተነሡ። ለኹለተኛ ጊዜ ያቋቋሙትን ቤት ሌላ ሰው ተረከበው። ቤተ ሙከራውን ግን አልተዉም፤ እንደ ተራ ተመራማሪ ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ1989 የኮሙኒስቱ አገዛዝ ሲወድቅ ቪክተርሌ የሰባ ስድስት ዓመት አዛውንት ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ መብታቸውን ሳያውቁ የሸጠባቸውን ያንኑ የሳይንስ አካዳሚ በፕሬዚዳንትነት እንዲመሩ ተመረጡ፤ ሀገሪቱ ለቼክና ለስሎቫኪያ እስክትከፈል ድረስም መሩት። በ1993 በሕዋ ውስጥ የምትዞር 3899 የተባለች አስትሮይድ በስማቸው ተሰየመች። በኦስትራቫ ከተማ የሚገኝ አንድ ኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ስማቸውን ይዟል። በብዙ ፎቶግራፎቻቸው ላይ የሚታዩት መነጽር አድርገው ነው።

ኦቶ ቪክተርሌ በነሐሴ 1998 በሰማንያ አራት ዓመታቸው አረፉ። ያረፉትም ከትውልድ ከተማቸው ከፕሮስትየዮቭ ብዙም በማትርቀው፣ ስትራዥስኮ በተባለች የሞራቪያ መንደር ነው።