እስክንድር ቦጎሲያን፦ ጠልሰምን ወደ ዘመናዊ ሥዕል ያሻገረው ሠዓሊ

ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ሐምሌ 15 ቀን 1929 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተወለደ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ገና አምስት ወር ቢያልፍ ነው፤ ከተማዋ በፋሺስት ጣሊያን እጅ ነበረች። የአባቱ ሐረግ ከአርመን ሲመዘዝ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ።

እ.ኤ.አ በ1955 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ለንደን ተጓዘ። ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖረ። በዚያን ጊዜ ፓሪስ የአፍሪካና የካሪቢያን ጸሐፍት የጥቁር ሕዝብን ማንነትና ክብር የሚሟገቱባት መድረክ ነበረች። እስክንድር የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥዕሎች ተመለከተ፤ የምዕራብ አፍሪካን ቅርጻ ቅርጾች አጠና። ይህም ትቶት ወደ መጣው የሀገሩ ቅርስ መለሰው።

በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ደብተራዎች ለሕሙማን በጠባብና ረጅም ብራና ላይ ክታብ ያዘጋጃሉ። የብራናው ርዝመት ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ይለካል። በጸሎቱ መካከል የሚሣለው ጠልሰም ሰይፍ የያዙ መላእክትን፣ የተጠላለፉ መስመሮችንና አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖችን ይይዛል። ሥዕሉ ጌጥ አይደለም፤ ክፉውን መንፈስ ያባርራል ተብሎ ይታመናል። እስክንድር ይህንን ኃይል ወደ ሸራው አመጣ። በጨለማ መደብ ላይ እንደ ፍም የሚያበሩ ቀለማት፣ ከየቅርጹ የሚመለከቱ ዓይኖችና የሚበርሩ ፍጥረታት መለያው ሆኑ። እ.ኤ.አ በ1964 የሣለው «የጁጁ ሠርግ» በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ተገዛ።

እ.ኤ.አ በ1966 ወደ ሀገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመትም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ከሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጋር በመሆን ለዘመናዊው ሥዕል መንገድ ጠረገ። ከእነርሱ የተማረው ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታም የክታቡን ቅርጽ በራሱ መንገድ ቀጠለበት።

የመምህርነት ቆይታው ግን ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነበር። ወደ አሜሪካ አቅንቶ እ.ኤ.አ ከ1972 እስከ 2001 በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። የ1966ቱ አብዮት ከፈነዳ በኋላ ኑሮው በስደት ጸና። ሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍን ጨምሮ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎችን አፈራ።

በዚህ ዘመን ሸራውን እየተወ የዛፍ ልጥ ጨርቅን ያዘ። ይህ ጨርቅ እንደ ኡጋንዳ ባጋንዳዎች ያሉ ሕዝቦች የሾላ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ልጡን ልጠው፣ በእንጨት መዶሻ ደጋግመው በመቀጥቀጥ የሚሠሩት ጥንታዊ ልብስ ነው። እ.ኤ.አ በ1981 በሠራው «የጊዜ ዑደት 3» ቅርጾቹ ከጨርቁ ላይ ጎልተው ይወጣሉ። ቡሩሽ የሚሠራውን ሥራ የጨርቁ ገጽ ራሱ ይሠራል። ብራናውም ልጡም ለእርሱ አፍሪካዊው እጅ አስቀድሞ ያለሰለሳቸው ገጾች ነበሩ።

እ.ኤ.አ በ2001 ከሠዓሊ ከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው «ኔክሰስ» የተሰኘ የአሉሚኒየም ቅርጽ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቆመ። እስክንድር ሚያዝያ 26 ቀን 1995 ዓ.ም በ65 ዓመቱ በዚያው ከተማ አረፈ።

ዛሬ «የጁጁ ሠርግ» በኒውዮርክ፣ «የፍርሃትና የሐሴት የሌሊት በረራ» በሰሜን ካሮላይና፣ «የጅማሬው ፍጻሜ» በዋሽንግተን ሙዚየሞች ይገኛሉ። ክታብ በሚጻፍበት ምድር ያደገ ወጣት እነዚህን ሥራዎች ፊት ለፊት ቆሞ ለማየት ውቅያኖስ መሻገር ይጠበቅበታል።