ሐንስ ሌድቪንካና ባለ ቱቦው ሻንሲ

እ.ኤ.አ. በ1878 በቪየና አጠገብ በክሎስተርኖይቡርግ የተወለደው መሐንዲስ ሐንስ ሌድቪንካ፣ በ19 ዓመቱ በሞራቪያ በነበረው የኔስልስዶርፍ የሠረገላ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካው በኋላ ታትራ የተባለው ነው።

በዚያ ዘመን የመኪና ሻንሲ ሁለት ረጃጅም ብረቶች በአግዳሚ የተያያዙበት መሰላል ነበር። መንገዱ ሲጎረብጥ መሰላሉ ይጠማዘዛል፤ አንድ ወጥ የሆነው አክስልም የአንዱን ጎማ መናጥ ለሌላው ያስተላልፋል። ሌድቪንካ በ1923 በወጣችው ታትራ 11 መሰላሉን በአንድ የብረት ቱቦ ተካው። ኃይል አስተላላፊው ዘንግ በቱቦው ውስጥ እንዲያልፍ፣ የኋላው አክስልም ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ከፍና ዝቅ እንዲል አደረገ። ቱቦው መጠምዘዝን ስለሚቋቋም ዘዴው ለከባድ ጭነት እጅግ ተስማማ፤ በ1942 መሠራት የጀመረው ባለ ሦስት አክስሉ የጭነት መኪና ታትራ 111 እስከ 1962 ድረስ ተመርቷል።

ሌድቪንካ ግን ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 ከጀርመን ወራሪዎች ጋር ተባብሯል ተብሎ ታሰረ። መኪናዎቹ ለግንባታ ሲሰማሩ እርሱ ስድስት ዓመት በወህኒ ቆየ። በ1951 ሲፈታም ወደ ቀድሞ ፋብሪካው አልተመለሰም፤ በ1967 በሙኒክ አረፈ። ታትራ ከባድ መኪናዎቹን ዛሬም የሚያቆመው በዚያው ቱቦ ላይ ነው።