መጻሕፍትን የቆጠሩት ደራሲ፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

ዛሬ አንድ መጽሐፍ ስንፈልግ ስሙን ስልካችን ላይ እንጽፋለን፣ አለቀ። ስሙን ማንም ያልመዘገበውን መጽሐፍ ግን በምን እንፈልገዋለን? ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ሥራ ብለው የያዙ ሰው ነበሩ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ።

የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. ሸዋ፣ መርሐቤቴ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር፣ ኅሩይ የተባሉት በኋላ ነው። አባታቸው የሞቱባቸው ገና በልጅነታቸው ቢሆንም የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን አልተዉም፣ እንጦጦ ራጉኤል ድረስ መጥተው ተማሩ። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ ለእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ጋር ለንደንን አዩ።

በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት ሥራ ልብ ወለድ አይደለም። በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር ነው! ያኔ አብዛኛው መጽሐፍ በእጅ የተጻፈ ብራና ነው፣ ያለውም በየገዳሙና በየቤተ ክርስቲያኑ ተበታትኖ ነው። አገሪቱ ምን ምን መጽሐፍ እንዳላት ሳይታወቅ ቢጠፋ እንኳ ማን ያውቃል? በ1920 ዓ.ም. ዝርዝሩን አስፍተው በድጋሚ አወጡት።

በዚህ አላበቁም። በ1915 ዓ.ም. “ወዳጄ ልቤ”ን አሳተሙ። በዚያው ዓመት የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የያዘውን “የሕይወት ታሪክ” አወጡ። የዚህ መጽሐፍ ሙሉ ርእስ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ መሆኑን ይናገራል። በአጭሩ፣ ለእኛ ነው የጻፉት።

ሌላው ብልሃታቸው ማተሚያ ቤቱ ነው። “ጎሐ ጽባሕ” የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። ለደራሲ ትልቁ ፈተና መጻፉ ብቻ አይደለም፣ ማሳተሙም ነውና። በ1925 ዓ.ም. የወጣው “አዲስ ዓለም” ፓሪስ ተምሮ የተመለሰን ወጣት ከአገሩ ልማድ ጋር ያፋጥጣል፤ የተዝካር ድግስ ሳይቀር ይተቻል።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ ሥራ ፈት አልነበሩም። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፣ ዳኛ ሆነዋል፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. ለመንግሥት ሥራ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ እንኳ ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጽፈዋል። በጠቅላላው ከ20 በላይ መጻሕፍት አሳትመዋል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከንግሥተ ሳባ እስከ አድዋ ድል የሚተርከው የታሪክ መጽሐፋቸው በጣልያኖች እጅ ወድቆ የተረፈው ቅጂ ጥቂት ብቻ ነበር። የሰው መጽሐፍ እንዳይጠፋ ሲቆጥሩ የኖሩት ሰው የራሳቸው ሊጠፋ ለጥቂት ተረፈ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴም ከጥቁር አንበሶች ጋር ተሰልፎ በጣልያን ተገደለ።

እሳቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በመስከረም 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ አረፉ። የአገራቸውን ነጻ መውጣት አላዩም፤ ወደ አገሩ የተመለሰው አጽማቸው ነው።

እኛ ከእሳቸው የምንወስደው አንድ ነገር አለ፦ መጽሐፍ የሚጠፋው ሲቃጠል ብቻ አይደለም፣ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ሲያጣም ይጠፋል። እስኪ ቤታችሁ ካሉት አሮጌ መጻሕፍት አንዱን አንሱ። ርእሱን፣ የደራሲውን ስምና የታተመበትን ዓመት ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ዝርዝሩን እንቀጥለው።