የሪያዱ እንግዳ
(የፊልቢ አጭር የሕይወት ታሪክ)



በሞተር ብስክሌት ከአገር አገር የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያድረው በዚያው ቀን መንገድ ላይ ከተዋወቀው ሌላ ሞተረኛ ቤት ነው። ትውውቃቸው የግማሽ ቀን ቢሆንም አንድ መንገድና አንድ አቧራ ዘመድ አድርጓቸዋል። ይህ ልማድ ከሞተር ጋር የመጣ አይደለም። በዓረብ በረሃ በግመል ዘመን ሕግ ነበር። መንገደኛ የአንድን ጎሣ ምድር ለመሻገር ከዚያው ጎሣ የሆነ ጓደኛ ይይዛል። ይህ ሰው ረፊቅ ይባላል። ረፊቁ አብሮት እስካለ ድረስ የወገኖቹ እጅ በእንግዳው ላይ አይነሣም። በዚህ ሕግ ተጠልለው ወደ ሪያድ ከገቡት የውጭ ሰዎች መካከል እጅግ የታወቀው እንግሊዛዊው ሃሪ ሴንት ጆን ፊልቢ ነው። እኛም በሰው አገር የምንኖር እንግዶች ስለሆንን የዚህን ሰው ሕይወት መመርመር ይጠቅመናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልቢ ሚያዝያ 3 ቀን 1885 በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ባዱላ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የሻይ ተክል ባለቤት ነበር። በለንደን በዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በካምብሪጅ በትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረ። ከዚያ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት አስተዳደር ተቀጥሮ ወደ ሕንድ ሄደና ኡርዱን፣ ፋርስኛንና ዓረብኛን አጠና። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በ1915 ወደ ባስራ ተዛወረ። በቋንቋ ችሎታው የተደነቀውን ያህል ከአለቆቹ ጋር በመጣላቱም ይታወቅ ነበር።

በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት የናጅድን ገዥ አብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድን በወር 5,000 ፓውንድ እየደጎመ፣ የቱርክ ወዳጅ የሆነውን የሐይልን ገዥ ኢብን ረሺድን እንዲወጋለት ይፈልግ ነበር። ይህን ጉዳይ እንዲያስፈጽም የተላከው ፊልቢ ነው። በኅዳር 1917 ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳር ከኡቀይር ወደብ ተነሣና የዓረብ ልብስ ለብሶ በግመል ተጓዘ። አብረውት የሄዱት ዓረቦች ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ከአንድ ገበታ ሩዝና ሥጋ በእጅ እየበላ፣ በአንድ እሳት ዙሪያ ቡና እየጠጣ ሆፉፍን አልፎ ኅዳር 30 ቀን ሪያድ ገባ።

የዚያን ጊዜዋ ሪያድ ዛሬ የምናውቃት ሰፊ ከተማ አልነበረችም። በጭቃ ጡብ የተሠራች፣ በቅጥር የተከበበችና በተምር ዛፍ የታጠረች ትንሽ ከተማ ነበረች። ከመካከልዋ ኢብን ሳዑድ በ1902 ጥቂት ሰዎች ይዞ በሌሊት ገብቶ የማረከው የመስመክ ምሽግ ይታያል። ፊልቢ በቤተ መንግሥቱ አሥር ቀን ያህል በእንግድነት ተቀመጠና ከኢብን ሳዑድ ጋር ረጅም ንግግር አደረገ። ሊያዝዘው መጥቶ ተማርኮ ቀረ ማለት ይቻላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓረብን አንድ ሊያደርግ የሚችለው የመካው ሸሪፍ ሁሴን ሳይሆን ይህ የሪያድ ሰው ነው ብሎ አመነ። የእንግሊዝ መንግሥት ትልቁን ተስፋ የጣለው ግን በሸሪፉ ላይ ነበር።

የኢብን ሳዑድ ሥልጣን እስከ ሒጃዝ ድንበር መድረሱን ለማስመስከር ፊልቢ ታኅሣሥ 9 ቀን ከሪያድ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ጋለበ። በጣኢፍ በኩል አልፎ በወሩ መጨረሻ ጅዳ ደረሰ። ከባሕር እስከ ባሕር ያለውን ምድር ያቋረጠው ከአንድ ወር ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ነው። ሸሪፉ በጉዞው ተቆጥቶ በየብስ እንዳይመለስ ከለከለው። የለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር ግን በ1920 የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ሜዳልያው የተሰጠው ለአንዱ እንግዳ ነው። መንገዱን ያሳዩት፣ ውኃውን ያገኙለትና በአንገታቸው ዋስ የሆኑለት ጓደኞቹ አልተሸለሙም።

ከ1921 እስከ 1924 በትራንስዮርዳኖስ የእንግሊዝ ዋና ተጠሪ ሆነ። ከመንግሥቱ ፖሊሲ ጋር ባለመስማማቱ ሥራውን ለቀቀና በጅዳ ንግድ ጀመረ። የፎርድ መኪና ወኪል ስለነበር የግመሉ ጋላቢ ግመልን ከመንገድ ያስወጣውን ሞተር ሻጭ ሆነ። በ1930 እስልምናን ተቀብሎ አብደላ ተባለ። ሃይማኖት የለወጠው ለእምነት ነው ወይስ ለጥቅም የሚለው ክርክር እስካሁን አልቆመም። ይሁን እንጂ መካ እንዲገባ፣ የንጉሡም የዘወትር ባለሟል እንዲሆን በር እንደከፈተለት አያጠራጥርም።

በጥር 1932 ሩብዓል ኻሊ የተባለውን ታላቅ አሸዋ ለማቋረጥ ከሆፉፍ ተነሣ። ወሩ ረመዳን ነበር። በርትራም ቶማስ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ከአንድ ዓመት በፊት ቀድሞት ስለነበር ፊልቢ አምርሮ አዝኗል። እሱ ግን ባልተሄደበት አቅጣጫ ሄደ። በአፈ ታሪክ የሚነገርላትን የዉባርን ከተማ ሲፈልግ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈራቸውን ጉድጓዶች አገኘ። ውኃ የሌለበትን የምዕራብ ክፍል ለመሻገር ሲሞክር ግመሎቹ ደከሙ፤ ጓደኞቹም ለሕይወታቸው ፈርተው እንመለስ ብለው አስገደዱት። ተመለሰ፤ ከዚያም ጥቂት ሰዎችን መርጦ በሁለተኛው ሙከራ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ አልባ ምድር አቋርጦ ሱለይል ደረሰ። የመጀመሪያውን ቀን ያዳነው የጓደኞቹ እምቢታ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የሕይወቱ ትልቁ ፈተና የመጣው በ1933 ነው። መንግሥቱ ገንዘብ ተቸግሮ የነዳጅ ዘይት ፍለጋ ፈቃድ ለውጭ ኩባንያ ሊሰጥ ተነሣ። በአንድ ወገን እንግሊዞች ያሉበት የኢራቅ ፔትሮሊየም ኩባንያ፣ በሌላው ወገን የአሜሪካው የካሊፎርኒያ ስታንዳርድ ኦይል ይወዳደሩ ነበር። እንግሊዞቹ ፊልቢን የራሳቸው ሰው አድርገው ይቆጥሩት ነበር። እሱ ግን በስውር በወር 1,000 ዶላር ከአሜሪካኖቹ ይቀበል ነበር፤ ለንጉሡም አማካሪ ነበር። ግንቦት 29 ቀን ውሉ ለአሜሪካኖቹ ተፈረመ። የመጀመሪያው ክፍያ 35,000 የወርቅ ፓውንድ ነበር። በመጋቢት 1938 ከደማም 7ኛ ጉድጓድ ዘይቱ ፈለቀ። አገሪቱ ያንን ኩባንያ ሙሉ በሙሉ የራሷ ያደረገችው በ1980 ነው።

እንግሊዞች በዚህ የተነሣ ፊልቢን በበላበት ወጪት ሰባሪ አሉት። በ1940ም ስለ ጦርነቱ በተናገረው ምክንያት ቦምቤይ ላይ አስረው ወደ እንግሊዝ ወሰዱት፤ በሚቀጥለው ዓመት ፈቱት። ለአስተናጋጁስ ታማኝ ነበር ወይ? አንድ ሰው በገዢና በሻጭ መካከል ተቀምጦ ከሁለቱም ሲበላ ታማኝነቱ የማን እንደሆነ መለየት ያዳግታል።

ለታሪካችን የተረፈ ሥራም አለው። በ1951ና 1952 ከቤልጅጋዊው ሊቅ ከጎንዛግ ሪክማንስ ጋር በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ተዘዋውሮ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ በሺህ የሚቆጠሩ ጽሑፎችን ሰበሰበ። ከነዚህ አንዱ በሙረይጋን ውኃ ጉድጓድ የተገኘው፣ የመንን የገዛው ሐበሻው አብርሃ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀረጸው የዘመቻ መዝገብ ነው። በናጅራን አጠገብ የተገኙት ሌሎቹ ደግሞ የሒምየር ንጉሥ ዩሱፍ ከሐበሾች ጋር ያደረገውን ጦርነት ይተርካሉ።

ኢብን ሳዑድ በ1953 ሞተ። ፊልቢ የተከተለውን አባካኝነት በጽሑፍ ስለነቀፈ በ1955 ከአገር ተባረረ፤ በኋላም ታርቆ ተመለሰ። መስከረም 30 ቀን 1960 ቤሩት ላይ ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረው ልጁ ኪም ፊልቢ ከዚያችው ከቤሩት ወደ ሞስኮ ኮበለለ።

በመጨረሻ ስለ እንግድነት አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ይህን ታሪክ ማንሣታችን ከንቱ ይሆናል። የሪያድ ቤተ መንግሥት ለፊልቢ መኝታ፣ ግመልና ገንዘብ ሰጥቶታል። በ1945 ደግሞ ንጉሡ አንዲት ባሪያ ሴት ሰጠው፤ እሱም ተቀበለ። በዚያች አገር ባርነት በሕግ የተከለከለው በ1962 ሲሆን፣ ከባሮቹ ብዙዎቹ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የተወሰዱ የኛው አገር ልጆች ነበሩ። በኅዳር 2013ም በዚያችው ሪያድ፣ መንፉሓ በሚባለው ሰፈር፣ ሠርተው ለማደር የሄዱ ኢትዮጵያውያን እየተደበደቡ ተለቀሙ፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ወደ አገር ተመለሱ። እነሱም የበረሃውን መንገድ የሄዱ እንግዶች ነበሩ፤ ነገር ግን ረፊቅ አልነበራቸውም።

የበረሃው ሕግ እንግዳውን ባለጸጋ ነህ ወይስ ድሃ ብሎ አይጠይቅም ነበር። የመንግሥታት ሕግ ግን ይጠይቃል። ፊልቢ የተቀበለውን የመንገድ ወዳጅነት የከፈለው በካርታና በዘይት ውል ነው፤ ዋጋውንም የተቀበሉት ነገሥታትና ኩባንያዎች ናቸው። እኛም በተማርንበት አገር ቤቱን የከፈተልንን ተራ ሰው እንዳንረሳ፣ አገራችን ስንመለስም የምናገኘውን መንገደኛ በረፊቅ ዓይን እንድናይ ይህ ሕይወት ያስተምረናል።