በሃምሳ ዓመቱ የገነነው ሉዊ ደ ፊኔስ

በ1960ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) እናት፣ አባትና ልጅ አብረው ይስቁባቸው የነበሩ ፊልሞች ሲነሱ የፈረንሳዩ ሉዊ ደ ፊኔስ አይረሳም። እኛ ያኔ ባንወለድም ያ ክፋት የሌለበት ሳቅ ይናፍቀናል።

ሉዊ በ1914 ፓሪስ አጠገብ ከስፔናውያን ወላጆች ተወለደ። በወጣትነቱ በየመጠጥ ቤቱ ፒያኖ እየተጫወተ ኑሮውን ይገፋ ነበር። ፊልም ከጀመረም በኋላ ለብዙ ዓመታት ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሰው ሆኖ ነው የሠራው። ታዲያ ተስፋ ቆረጠ ወይ? ኧረ የለም! በ1964፣ በሃምሳ ዓመቱ፣ «የሳን ትሮፔ ጀንዳርም» በተባለው ፊልም ስሙ ገነነ። እዚያ ላይ ለአለቃው እየሰገደ በበታቾቹ ላይ የሚጮህ፣ ሴት ልጁን ግን መቆጣጠር ያቃተው ፖሊስ ነው። በ1966 የወጣው «ታላቁ ሽርሽር» ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ከ17 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አገኘ። በ1975 ልቡን ታመመ፤ በ1976 ግን ወደ ፊልም ተመለሰ። በ1983 በዚያው በልብ ሕመም አረፈ።

ጓደኞቻችን፣ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሉዊ ያሳቀን በደካማው ሳይሆን በደካማው ላይ በሚጮኸው ነው። ነገ ጠመኔ ይዘን ክፍል ስንገባ እኛም ያ ጀንዳርም ሆነን እንዳንገኝ!