የወይዘሪት ናይቲንጌል የሻማ ብርሃን

ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቼ የነርሶች ትምህርት ቤት ከገባሁ አንድ ዓመት ሞላኝ። በመጀመሪያው ፈተና፥ ስለ ሰው አካል በሚሰጠው ትምህርት ወደቅሁ። የ206 አጥንቶችን ስም በአንድ ሌሊት ለመሸምደድ ሞክሬ፥ ሲነጋ ግማሹ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር። አፍሬ ልብሴን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ልመለስ ስል፥ ከቤተ መጻሕፍት ያገኘሁት የወይዘሪት ፍሎረንስ ናይቲንጌል ታሪክ አሳቤን አስለወጠኝ። ስለዚህ ባጭሩ ላካፍላችሁ።

ወይዘሪት ናይቲንጌል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ዓ.ም. ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ወላጆች በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ ተወለዱ፤ ስማቸውም የከተማዋ ስም ነው። አባታቸው ላቲንና ግሪክ፥ ታሪክም አስተማሯቸው። በ1845 ዓ.ም. ሕሙማንን ማስታመም ልማር ብለው ቢጠይቁ ግን፥ ሥራው በዚያን ዘመን የተናቀ ስለ ነበረ ቤተ ሰቦቻቸው ከለከሏቸው።

እርሳቸው አኵርፈው አልተቀመጡም። ጎሕ ሳይቀድ እየተነሡ በሻማ ብርሃን የሆስፒታሎችን ሪፖርት ያነቡ፥ የተረዱትንም በደብተር እየጻፉ በየአርእስቱ ይለዩ ነበር። የቍርስ ደወል ሲደወል ደብተሩን ዘግተው ከቤተ ሰቡ ጋር ለመቀመጥ ይወርዳሉ። እንዲህ ሲያደርጉ ዓመታት አለፉ። በ1851 ዓ.ም. በጀርመን አገር በካይዘርስቨርት ሦስት ወር ያህል ከሕሙማን አልጋ አጠገብ እየሠሩ ተማሩ።

በ1854 ዓ.ም. በክሪምያ ጦርነት ጊዜ ከ38 አስታማሚዎች ጋር በቱርክ አገር በስኩታሪ ወደ ነበረው የወታደሮች ሆስፒታል ሄዱ። በዚያ በቍስል ከሚሞተው ይልቅ በበሽታ የሚሞተው ይበዛ ነበር። ከጦርነቱም በኋላ የሟቾቹን ቍጥር ከነምክንያቱ በየወሩ ለይተው በሥዕል አሳዩ። በሻማ ብርሃን የለመዱት የደብተር ሥራ በዚህ ጊዜ ጠቀማቸው። በ1860 ዓ.ም. በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት በስማቸው ተከፈተ፤ ትምህርቱም አንድ ዓመት ሲሆን ከሕሙማን ክፍል ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። በ1910 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው ዐረፉ።

እኔም ይህን ካነበብሁ በኋላ ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሣት ጀመርሁ። አጥንቶቹን በየቀኑ ዐሥር ዐሥር እየከፈልሁ፥ የትናንቱን ሳልመለከት ወደ ዛሬው ሳላልፍ፥ በ21 ቀን ጨረስሁ። የተማርሁትንም በራሴ ቃል እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሕመምተኛው ዘንድ እፈልገዋለሁ። የክንድን አጥንት ስም በማጠናበት ቀን፥ የልብ ትርታ ስቈጥር ጣቴ የሚያርፈው በእርሱ ላይ መሆኑን አየሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙን አልረሳሁትም።

በሁለተኛው ፈተና አንደኛ አልወጣሁም፤ ግን አለፍሁ። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ወደዚህ ሥራ የምትመጡ ሁሉ ከፈተናው ሌሊት ይልቅ በየማለዳው ሰዓታችሁ ተማመኑ።